ከዋናው ጋር ተመሳክሯል

ፒያሳ ቁልቁለት ላይ፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን፣
ከጥርስ ሐኪሙ በር ሁለት እርምጃ ሲሆን፣
ጎማ ጎማ የምትሸት አንዲት ጠባብ ቤት አለች፤
የስንቱን መሥሪያ ቤት ክብ ማኅተም ወለደች።
ቀበሌው፣ ዕድሩ፣ ባለ አክሲዮኑ፣ ነጋዴው፣
እሷ ዘንድ ካልመጣ አይጸናም ደብዳቤው።

ወይዘሮ የሺመቤት፣ ሻይዋን መስኮት ላይ አስቀምጣ፣
"ጠይቀኝ" አለችኝ፣ "በል ቶሎ፣ ደንበኛ ሳይመጣ።"

ጠየቅኋት። ስድስት ቅዳሜ።
ኪራዩ ስንት ገባ? የጨረሩ ማሽንስ ስንት ያወጣል?
ሰባት ቀራጭ ይዞ እስከ መቼ ይዘለቃል?
ሰነድ ስልክ ውስጥ ሲገባ፣ ፊርማም ጣት ማሳረፍ ሲሆን፣
ከርሞ ማን ሊያስቀርጽ ይመጣል ማኅተሙን?

እሷ ግን፣ "የድልነሳውን እጅ አየኸው?" አለች።
"ሠላሳ ዓመት ፊደል ገልብጦ ሲጽፍ ኖሮ
ዛሬ ቀጥ ያለው ጽሑፍ ያደናግረዋል።
ጋዜጣ ሲያነብ መስታወት ፊት ነው።"

ይህን ጻፍኩት። ገጽ አራት፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ።

ጆርናሉ ያለ ፈቃድ አያትምም።
"የባለቤት ፊርማና ማኅተም" ይላል ቅጹ።
ሳቀች። ለሰው ስትቀርጽ ኖራ
የራሷ ማኅተም ጠርዙ ተበልቷል፤
ስሟ እኩሌታው ብቻ ወጣ ወረቀቱ ላይ።
"ይበቃል?"
"ይበቃል" አልኳት።

በሰባተኛው ወር አንደኛው ገምጋሚ ጻፈ፦ ስሟ ይለወጥ።
ሁለተኛው ጻፈ፦ የእጁ ወሬ ይውጣ፣
ለውሳኔ አይጠቅምም፤ በምትኩ ሠንጠረዥ ይምጣ።
አዘጋጁም በትሕትና፦
ጉዳዩ ውሳኔው አፋፍ ላይ ይቁም፤
ያደረገችው ለመምህሩ ማስታወሻ ይቆይ፣ ለተማሪ አይነገርም።

እኔም፣ ለምን ልዋሽ፣ የማዕረግ ዕድገት ነበረብኝ፣
አንዲት ኅትመት ብቻ ነበረች የጎደለችኝ።
ቆረጥኩ።
በምላጭ አይደለም። በአንድ ጣት።
የሺመቤትን "ወይዘሮ ሀ" አልኳት፣
ፒያሳን "በማደግ ላይ ያለች ከተማ"፣
ድልነሳውን "ሠራተኛ ሦስት"።
ለማሽኑ ያጠራቀመችውን ለሰባት ያካፈለችበትን ማታ
አወጣሁት።
እንደ ደንቡም በሩ ጋ አቆምኳት፣
ቁልፉን ይዛ፣ መብራቱን ሳታጠፋ፦
ወይዘሮ ሀ ምን ታድርግ?

ሰንጋ ተራ፣ ክፍል ሁለት መቶ ሰባት፣
አርባ ተማሪ ከበባት።
አንዱ አምስት ሰው ቀንሺ አላት፣
አንዷ ተበደሪ፣ አንዱ ሽጪውና ውጪ፤
እኔ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እደምራለሁ።
ማካፈል የሚል ከአንድም አፍ አልወጣ።
ደወል ተደወለ፣ ወንበር ተንኳኳ፣
እሷ እዚያው በሩ ጋ ናት።
እግሯን አመማት ወይ ያለ የለም፣
እኔም አላልኩ።

መጽሔቱ በሁለት ዓመቱ ወጣ።
በብብቴ ይዤው የቸርችልን ዳገት ወጣሁ።
በሩ ያው ነው፤ ጎማው አይሸትም።
የስልክ ሽፋን ትሸጣለች፣ ባለ አበባ፣ ባለ ነብር።

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።
ገለጠች። ሀ ላይ ቆም አለች። አለፈች።
"ይቺ ሴትዮ ጎበዝ ናት" አለች።
"ድልነሳውን ግን የት አደረግኸው?"
በጣቴ አሳየኋት።
ሠራተኛ ሦስት፦ ዕድሜ፣ ደመወዝ፣ ምርት በሰዓት።
ዝም ብላ አየችው፣
ሰው ፎቶ ላይ የማያውቀውን ዘመድ እንደሚያይ።

ከዚያ መሳቢያ ሳበች።
ከተሸጠው ዕቃ የተረፈ አንድ ማኅተም፣
የድልነሳው የመጨረሻ ሥራ፣
"ከዋናው ጋር ተመሳክሯል" የሚል።
ቀለሙ እንዲነቃ፣ እንደ ዱሮዋ፣
ሃ ብላ ተነፈሰችበት፤
ገጹ ላይ አስጠጋችው፣
እጇ አየር ላይ ቀረ፣
ልክ እኔ እንዳቆምኳት።

"ልመታልህ ነበር" አለችኝ።
"ዋናው የታለ?"